ለወፍጮው ሴት ስንፈልግ

ኮሚቴ ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁ ካላችሁ እግዜር ይወዳችኋል ማለት ነው። እኔን ጠልቶኝ ይሁን ሊያስተምረኝ ፈልጎ እንጃ፣ ገና በሃያ ሁለት ዓመቴ የወረታ ቀበሌያችን ጸሐፊ አደረገኝ። ለዚህ ሹመት ያበቃኝ የእጅ ጽሑፌ ነው። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ፊደሌ ያምራል። በዚያ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ይህንንም ግጥሜን የሰማ ሁሉ ሳልነግረው ያውቃል።

ነገሩ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነው። የቀበሌውን ወፍጮ የሚያንቀሳቅሰው ታከለ «ሁመራ ዘመድ ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ሄዶ በዚያው ቀረ። ወፍጮው ቆመ። እኛ ወንዶቹ መቆሙን ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ምክንያቱም እኛ አገር ወንድ ልጅ ወፍጮ ቤት ደጃፍ አይታይም። እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት የታየ ወንድ ሚስቱ ሞታበታለች ይባላል። ሚስቱ በሕይወት ካለች ደግሞ የባሰ ይባላል። ስለዚህ የወፍጮውን መቆም የነገረን ጥርሳችን ነው፤ ሴቶቹ በድንጋይ መፍጨት ጀምረው ኖሮ እንጀራው አሸዋ አሸዋ ይል ጀመር።

በዚያው ሰሞን ከበላይ መመሪያ መጣ። የዘንድሮው የሴቶች ቀን በንግግር ብቻ አይከበርም፤ እያንዳንዱ ቀበሌ እስካሁን በወንድ ሲሠራ በኖረ ሥራ ላይ አንዲት ሴት ቀጥሮ በበዓሉ ቀን ለእንግዶች ያሳይ፣ ይላል። ሊቀመንበራችን ጓድ ቢምረው መመሪያውን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ጓድ ቢምረው ከአብዮቱ በፊት የፎገራ ከብት ነጋዴ ነበር፤ ደብዳቤንም እንደ በሬ ጥርሱን ሳያይ አይቀበልም።

«አንዲት ነው የሚለው? ወይስ ቢያንስ አንዲት?»

«አንዲት ነው፣ ጓድ።»

«ተመስገን» አለ፤ ቀጥሎም ግራና ቀኙን አይቶ «ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳታሰፍር» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

በአንድ ድምፅ የወፍጮው ሥራ ለሴት ይሰጥ ተባለ። በአንድ ድምፅ የምለው ሦስት ስለነበርን ነው፤ ጓድ ቢምረው፣ እኔና በመገንጠያው ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጅ እንድሪስ። ማስታወቂያውን የማዘጋጀቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት ለበዓሉ የሚነበብ አርባ ስምንት ስንኝ በማማጥ ላይ ስለነበርኩ ለማስታወቂያ የሚተርፍ አንጎል አልነበረኝም። ባለፈው ዓመት ዘበኛ ስንቀጥር የለጠፍነውን አውጥቼ ገለበጥኩት። ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ፤ አንድ ኩንታል መሸከም የሚችል፤ ጠመንጃ ፈትቶ መግጠም የሚያውቅ፤ ንብረት ያለው ወንድ ዋስ ማቅረብ የሚችል። ጓድ ቢምረው ጠመንጃው ላይ ሲደርስ ትንሽ አሰበና «ይሁን፣ አይጎዳም» አለ። ከታች በቀይ ቀለም «ሴቶች ይበረታታሉ!» ብዬ ጨመርኩበት። ቀለሙ ቀይ ስለነበር በደንብ የተበረታቱ መሰለኝ።

ቀጥሎ የመመዝገቢያ ቦታ ችግር መጣ። የቀበሌው አዳራሽ ለሴቶች ቀን እየተቀባ ነበር። ግድግዳው ላይ መዶሻ የያዘች ሠራተኛ ሴት እንድትሳል ታዝዞ፣ በአካባቢው የተገኘው ሰዓሊ ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲስል የኖረ ሽማግሌ ነው። ሰውየው የሚያውቀውን ሳለ። ዓይኗ እንደ ፍንጃል የሰፋ፣ ከራሷ ዙሪያ የብርሃን አክሊል ያላት ሴት መዶሻ ይዛ ወደ ሰማይ ታያለች። ጓድ ቢምረው ሲያያት ሊያማትብ እጁን አንሥቶ መሐል ላይ ግንባሩን አከከ። ከዚያ አክሊሉ ጥርስ ይውጣለትና የፋብሪካ ጎማ ይሁን ተብሎ ተወሰነ። ጎማው እስኪደርቅ ድረስ ምዝገባው የት ይሁን ቢባል፣ ከመሐላችን አንዱ (እኔ ነኝ) ጠጅ ቤት ሰፊ ነው፣ ወንበርም አለው ብሎ ሐሳብ አቀረበ።

ሳምንቱን ሙሉ ጠጅ ቤት ተቀምጠን ሴት ጠበቅን። ማስታወቂያውን በጠጅ ቤቱ በር፣ በጭነት መኪኖች ማቆሚያና በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ለጥፈነዋል። ሐጅ እንድሪስ ሙስሊም ናቸውና ጠጅ ቤት አይገቡም፤ ውጭ መስኮቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው የኮሚቴነት ሥራቸውን በመስኮት ያካሂዱ ነበር። አስተያየት ሲጠየቁ ጥምጥማቸው ብቅ ይላል፣ ይናገራል፣ ይጠልቃል።

አሥራ ዘጠኝ ሰው ተመዘገበ። አሥራ ዘጠኙም ወንድ። ከነሱም አንደኛው የጓድ ቢምረው የእህት ልጅ አስማማው ነው፤ ትከሻው የበር ስፋት ያለው፣ ከሥራ ጋር እየተፈላለጉ የማይገናኙ ጎረምሳ። ከሴት ወገን ወደ ጠረጴዛችን የቀረበችው የጠጅ ቤቱ ባለቤት ብቻ ነበረች፤ እሷም ባዶ ብርሌ ልታነሳ።

«ችግሩ የንቃት ነው» አለ ጓድ ቢምረው በስድስተኛው ቀን፣ ዓይኑ ከጠጁ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይዞ። «ሴቶቻችን አልነቁም።»

«መቀስቀስ ያስፈልጋል» አልኩ እኔ።

መስኮቱ ላይ ጥምጥም ብቅ አለ። «እናንተ ሰዎች» አሉ ሐጅ እንድሪስ፣ «እኔ ጢሜን ይዤ ያልገባሁበትን ቤት የሰው ሚስት ትግባላችሁ?»

ተያየን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በስድስት ቀን ውስጥ ይህ ነገር ለአንዳችንም አልታየንም ነበር።

«ታዲያ ሴቶች የት ነው የሚገኙት?» አለ ጓድ ቢምረው። ሰባት ልጅ የወለደ ሰው ነው ይህን የሚጠይቀው።

«ወፍጮ ቤት ነዋ!» አሉ ሐጅ፤ ጠለቁ።

በማግስቱ መዝገቤን ብብቴ ሥር ይዤ፣ የሚያየኝ ሰው እንዳይኖር አንገቴን ሰብሬ፣ በደብረ ታቦር መውጫ ወዳለው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ከበሩ እስከ አውራ ጎዳናው ግን ረጅም ሰልፍ ቆሟል፤ የሰው ሳይሆን የእህል። ስልቻው፣ ኬሻው፣ ቅርጫቱ፣ አንዱ በአንዱ ጀርባ ተደርድሯል። ባለቤቶቹ እህላቸውን ወረፋ አስይዘው ቤታቸው ገብተዋል። ሦስት ሳምንት የተዘጋ ወፍጮ ፊት ሦስት ሳምንት የቆመ ወረፋ! ሰልፉን ከፍየልና ከአህያ የምትጠብቅ አንዲት መለሎ ሴት በትር ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ጠፋህ?» አለችኝ።

«ሴት» አልኳት።

አነጋገሬ ልክ አልነበረም። ልክ አለመሆኑን ያወቅኩት በትሩ ሲነሳ ነው። «ለሥራ! ለሥራ ነው! ከቀበሌ ነኝ!» እያልኩ ሁለት ጊዜ ሰልፉን ዞርኩት፤ እሷም በኋላዬ ዞረችው። በመጨረሻ መዝገቡን እንደ ጋሻ ይዤ መመሪያውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በትሩ ቀስ ብሎ ወረደ።

ጠጅቱ ትባላለች። የቁሐር ሚካኤል ሰው ነች። ባሏ ሲሞት መሬቱን ወንድሞቹ ያዙት፤ እሷም ወረታ ገብታ የሰው እህል ወፍጮ ቤት እያመላለሰች ትኖራለች። ወፍጮው ከቆመ ወዲህ የምታመላልሰው የለም።

«ምን ምን ነው እሚፈለገው?» አለችኝ።

መስፈርቱን አነበብኩ። ስምንተኛ ክፍል ስል «መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ» አለች። ጠመንጃ ስል «ወፍጮው ውስጥ ማን ሊመሽግ ነው?» አለች። ኩንታል ስል ሳቀች።

«ይቺን ዝርዝር የጻፋት ማነው?»

«እኔ።»

«አንተ ስምንተኛን ጨርሰሃል?»

«ሰባተኛ ነኝ።»

«ኩንታልስ ትሸከማለህ?»

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሰው ዝም ይል ነበር። እኔ ግን «ለወንድ ልጅ ኩንታል ምንድን ነው?» ብዬ ኮቴን አውልቄ ከሰልፉ ውስጥ አንዱን የዳጉሳ ኬሻ አቀፍኩ። ወደ ትከሻዬ ወጣልኝ። ይህን ማንም ሊክደኝ አይችልም፤ ወጥቷል። ከዚያ እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ኬሻውም አብሮኝ መጣ፣ መጨረሻ ላይ እኔ ከታች እሱ ከላይ ሆነን ተጋደምን። ሰማዩን እያየሁ ይህን መስፈርት የጻፈውን ሰው ረገምኩት። ጠጅቱ ኬሻውን በአንድ ጉልበቷ ገፋ አድርጋ አነሳችልኝ።

«ታከለም አይሸከም ነበር» አለችኝ አቧራዬን እያራገፈች። «እህሉን የሚያፈሱት ባለቤቶቹ ናቸው። ይልቅ ያ ከኪስህ የወደቀው ወረቀት ምንድን ነው?»

ግጥሜ ነበር። ሕመሜን ረስቼ አነበብኩላት፦

አንቺ የፎገራ እናት፣ የትግላችን ችቦ፣
ተነሺ ከጓዳ፣ ጣዪው ያንን ገንቦ!

«ገንቦውንማ ልጣለው» አለች፤ «ውኃውን አንተ ታመጣለህ?»

ስሟን መዘገብኩ። ከእሷ ሌላ ለመመዝገብ የደፈረች ሴት አልተገኘችም።

ፈተናው የበዓሉ ዋዜማ ሆነ። ጓድ ቢምረው «ለፍትሕ ሲባል» አስማማውም ይፈተን አለ። ወሬው ተሰምቶ ሴቶቹ በሩን ሞልተው ቆመዋል። ሞተሩ የሚነሣው ጎኑ ላይ ያለውን ከባድ ጎማ በማስነሻ ብረት በማሽከርከር ነው። አስማማው መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ብረቱን ያዘና እንደ ጠላት አንገት ጠመዘዘው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ። ብረቱ ወደ ኋላ ተወርውሮ አስማማውን ዱቄት መቀበያው ገንዳ ውስጥ ከተተው። ሲነሣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ፣ ሰዓሊያችን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሳይስለው የቀረ መልአክ መሰለ።

«ጀማሪ ነው፣ ይደገም» አለ ጓድ ቢምረው።

ተደገመ። ብረቱ ከነጭራሹ ወልቆ በእኔና በሐጅ እንድሪስ መሐል አልፎ ውጭ የቆመ እንስራ ሰበረ።

«ለሦስተኛው» አሉ ሐጅ እንድሪስ፣ «እኔ ሱቄ ሆኜ ውጤቱን ብሰማ ይሻለኛል።»

ተራው የጠጅቱ ሆነ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። ብረቱን ወዲያው አልነካችም። መጀመሪያ ከናፍጣው ቱቦ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን ፈታ አደረገች፤ ናፍጣው አረፋ እያወጣ ተንቆረቆረ። አረፋው እስኪጠፋ ጠብቃ አጠበቀቻት። ከሞተሩ አናት ላይ ያለችውን ዘንግ አነሣች፣ ጎማውን በብረቱ ዝግ ብላ፣ ቀጥላም ፈጠን ፈጠን አድርጋ አዞረችው፣ ከዚያ ዘንጓን ለቀቀቻት። ዱፍ አለ። ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ! ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ ውጭ እልልታው ቀለጠ። ጠጅቱ አንድ እፍኝ ዱቄት ከወፍጮው አፍ ተቀብላ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችና ድንጋዩን ጠበቅ አደረገችው።

«ማን አስተማረሽ?» ብሎ ጮኸ ጓድ ቢምረው፤ ካልጮኹ አይሰማም።

«ታከለ ሲተኛ ወፍጮውን ማን ሲያስነሳው የኖረ መስሎዎታል?»

«መቼ መቼ ነበር የሚተኛው?»

«ከሥራ መግቢያ እስከ ሥራ መውጫ!» አለች አንዲት ሴት ከበሩ፤ ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ።

ለካስ ስምንት ዓመት ሙሉ ወፍጮአችንን ስታንቀሳቅስ የኖረችው ጠጅቱ ናት። ታከለ ዱቄት ኬሻ ላይ ጋደም ይላል፤ ማታ ማታ ከወለሉ የተጠረገውን ዱቄት ለድካሟ ይሰጣታል። የወረታ ሴት ሁሉ ይህን ያውቃል። ሦስት ወንዶች ኮሚቴ አቋቁመን፣ ጠጅ ቤት ከርመን፣ በእጃችን ያለችውን ሠራተኛ ስንፈልግ፣ ይህን የማናውቅ እኛ ብቻ ነበርን።

ጓድ ቢምረው ጎተት አድርጎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። «ነገ በእንግዶቹ ፊት እሷ ትቁም። ከነገ ወዲያ አስማማው ይጀምራል። ለምን ቢሉህ፣ ወንድ ዋስ አላቀረበችም ትላለህ። ገባህ?»

ስለ ሴት ነፃነት አርባ ስምንት ስንኝ የጻፍኩት እኔ ጀግናው «ገባኝ፣ ጓድ» አልኩ።

ሳልነግራት ማደር ግን አልቻልኩም። ሄጄ ስነግራት ጠጅቱ ማስነሻ ብረቱን በጨርቅ እየወለወለች ነበር። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። «እንግዲህ ወደ ቁሐር አልመለስ፣ ቤት የለኝ» አለች ለራሷ። ብረቱን ገልብጣ እየወለወለች «ዋስ ብቻ ነው የጎደለኝ?» አለችኝ።

«ወንድ ዋስ።»

«ይሁና» አለችና ብረቱን አስቀምጣ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች።

የሴቶች ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተከበረ። ከደብረ ታቦር የመጡት እንግዳ ካኪ የለበሱ፣ ድምፃቸው ቀጭን፣ ዓይናቸው ግን ወፍራም የሆነ ጓዲት ነበሩ። መፈክር ተሰማ፤ ንግግር ተደረገ፤ ግጥም እንዲቀርብ ተጋበዝኩ። ልክ አራተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ጓዲት ወፍጮው ሲነሣ ለማየት እጃቸውን አወዛወዙ፤ ጠጅቱም አስነሣችው። የቀረውን አርባ አራት ስንኝ ወፍጮው ፈጨው። አፌ ሲከፈትና ሲዘጋ ያየ ሕዝብ ግን በሕይወቴ አግኝቼው የማላውቀውን ጭብጨባ ሰጠኝ።

ሞተሩ ሲጠፋ ጓዲት «የቅጥሯ ወረቀት ይታይ» አሉ። አቀረብኩ። «ዋስ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።»

«እንግዲህ ዋስ አላገኘችም፣ ጓዲት» አለ ጓድ ቢምረው፣ በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ። «ደንብ ደንብ ነው።»

ከሰልፉ መሐል አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሴት ዋስ አትሆንም?» ብላ ጠየቀች። ጓዲት ወደ ሊቀመንበራችን ዞሩ። «በሴቶች ቀን፣ ሴት ዋስ አትሆንም የሚል ደንብ አላችሁ?»

ጓድ ቢምረው ላብ በላብ ሆነ። «የለንም!» አለ። እኔ መስፈርቱን በእጄ ይዣለሁ፤ «ወንድ» የምትለዋ ቃል ታፈጥጥብኛለች። አውራ ጣቴን በምራቅ አርሼ አሸኋት። ቆንጆ ፊደል ነበረች፤ ጥቁር እድፍ ሆና ቀረች።

«እንግዲያው እኔ ዋስ ነኝ» አለች ጠያቂዋ ወደ ፊት እየመጣች። የጓድ ቢምረው ባለቤት ወይዘሮ አለምነሽ ነበሩ። ስልቻቸው ከወረፋው አምስተኛ ነው፤ ሦስት ሳምንት ጠብቀዋል። ጓዲት ሲያጨበጭቡ ጓድ ቢምረውም ከማጨብጨብ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ከኋላቸው የሐጅ እንድሪስ ባለቤት ተከተሉ፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። ንብረት እያልኩ ስጠይቅ አንዷ «ሁለት ላም»፣ አንዷ «ስድስት ዶሮ፣ አንዷ ታቅፋለች»፣ አንዷ «ንብረቴ ምላሴ ነው፣ ጻፈው» ትላለች። ሠላሳ አራት ዋስ አስፈርሜ እጄ ደነዘዘ። መሠረተ ትምህርት ምን ያህል እንደሠራ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ የጣት አሻራ ያደረጉት አራት ብቻ ናቸው።

እንግዶቹ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ጓድ ቢምረው የማሰናበቻ ደብዳቤ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። ሊፈርም ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ጓድ፣ ደንቡ ዋሶቹ ተጠርተው ካልፈረሙ ሠራተኛ አይሰናበትም ይላል።»

«የትኛው ግም ነው ይህን ደንብ ያወጣው?»

«እርስዎ። ዘበኛውን የቀጠርን ጊዜ ዋሱ እርስዎ ስለነበሩ።»

ዝርዝሩን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየው፤ ረጅም ነው። ከዚያ ፈገግ አለ። «ከቤቴ እጀምራለሁ። አለምነሽ ከፈረመች ሌሎቹ ይከተላሉ፤ እሷ ደግሞ ቀላል ናት።» ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ሁለት ቀን ከቢሮ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ፊቱ ገርጥቷል፣ ቀበቶው ከወትሮው አንድ ቀዳዳ ገብቷል። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ፊርማ የለበትም።

«እምቢ አሉ?» አልኩት።

«ኧረ እምቢስ አላለች። በዚህ ቤት እንጀራ መብላት የቀረ ዕለት እፈርማለሁ ነው ያለች።»

«እና?»

ጓድ ቢምረው ከደብረ ታቦር መውጫ በኩል የሚመጣውን ዱፍ ዱፍታ ትንሽ አዳመጠ።

«ሁለት ቀን ሞከርኩት» አለኝ። «አይቻልም።»